ጥያቄና መልስ፦ ቦግ እልም የሚል መብራት ቀጠሮ አይሰጥም

ከባሕር ዳር ሽምብጥ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ እንጀራ ሲጋግሩ ብሬከሩ እየወረደ አስቸግሯቸዋል። «የ16 አምፔሩን አውጥቼ የ32 ላስገባበት?» ይላሉ።

በፍጹም! ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። እዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ ሲጨመርበት ይወርዳል፤ ሥራውን ነው የሠራው። 32 ካስገቡ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ይግላል። ለምጣዱ ከቦርዱ ጀምሮ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ያስዘርጉ።

ከጊዮርጊስ አካባቢ፦ የደረጃው መብራትና የውኃ ፓምፑ ሒሳብ በማን ይሁን?

የጋራ ቆጣሪ አስገቡና ተካፈሉ።

ከአባይ ማዶ፦ ምድር ቤቱ ካፌ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። ካፌው ማሽኑን ሲያስነሳ የእሳቸው አምፖል ቦግ ይላል፣ የጎረቤታቸው ይደበዝዛል። የጠሩት ልጅ «አምፖል ይቀይሩ» ብሏቸው ሄደ።

እህቴ፣ አምፖሉ ምንም አላጠፋም። የአንዱ ቤት ቦግ፣ የሌላው ጭል ጭል ሲል ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ላልቷል ማለት ነው። ወደ ሕንፃው የሚገቡት ሦስት ፌዞች (ኃይል የሚያመጡት ሽቦዎች) ለየቤቱ ይከፋፈላሉ፤ መመለሻቸው ግን አንድ ኒውትራል ነው። እሱ ሲላላ 220 ቮልት የሚባል ነገር አይኖርም። ብዙ የሚስበው ቤት ይደበዝዛል፤ ትንሽ የሚስበው ቤት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ተራ ብሬከር ይህን አያይም። ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ይቃጠላሉ።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ የደረጃ ሥሩን የመብራት ሳጥን ሲከፍቱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ኒውትራሉ በብሎን አልታሰረም፤ ተጠምዝዞ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ናስትሮው ቀልጦ ተንጠባጥቧል። የክረምት ውኃ በግድግዳው እየወረደ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎታል። ከላይ ደግሞ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይኖራሉ።

ስለዚህ አሁኑኑ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፤ ለጎረቤትም ይንገሩ። ሳጥኑን አይንኩ። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ኤሌክትሪክ አገልግሎት መጥቶ ይየው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ። ያ ልጅ አይሆንም። አሥር ጊዜ ደውለው ካልመጡ አሥራ አንደኛ ይደውሉ።

ከሐይቁ ዳር፦ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ለምን እንጨልማለን?

የበለስ ኃይል ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገባው በመላ አገሪቱ መረብ ውስጥ ነው። እርስዎን የሚያጨልመው ብዙ ጊዜ የሰፈሩ መስመርና ትራንስፎርመር ነው።

ከአንድ ባለሱቅ፦ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሬን ሶኬት ላይ ሰክቼ ሱቁን ላብራ?

ቼንጅ ኦቨር የሚሉትን፣ ሱቁን ከመስመሩ ወይም ከጄኔሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኘውን ማዞሪያ ሳያስገጥሙ እንዳያስነሱት። ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይሆናል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ።