ስለ አንጎል፣ ስለ አንድ ልብስ ሰፊና ስለ አራት ቋንቋዎቻቸው

ውድ ልጆቼ፣

በየክረምቱ ከድሬዳዋም ከሐረርም ተማሪዎች ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ካለው ቤቴ ጎራ ይሉና «ዶክተር፣ አንጎልን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለው ይጠይቁኛል። ጡረታ የወጣ ሐኪም ጊዜ ስለማያጣ ደስ ብሎኝ አወራቸዋለሁ፤ ነገር ግን በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየተጠጣ የሚሰጥ መልስ ግማሹ ስለሚረሳ፣ ዘንድሮ በጽሑፍ ላስቀምጥላችሁ ወሰንኩ። በጥያቄያችሁ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማየው ስጋት መሣሪያን የሚመለከት ነው፤ ውድ የምስል መሣሪያ ካለበት ተቋም ካልደረስን በቀር ስለ አንጎል የምንማረው ነገር አይኖርም ብላችሁ ትፈራላችሁ። እኔ እንደማምነው ይህ ሙያ የቆመው አንድን ሕመምተኛ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ በማየት፣ በሚገባው ቋንቋ በመጠየቅና ያዩትን ሳያሳምሩ በመጻፍ ላይ ነው፤ መሣሪያውም ቢሆን ጥሩ ጥያቄ ይዞ ላልመጣ ሰው ብዙ አይናገርም። ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው።

በ1976 ዓ.ም. ሐረር በተመደብኩበት ሆስፒታል ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ በጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ስሙን ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ካገኘው ከመኪና ግርግር መንገድ አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ልብስ ሰፊ በሰው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ሌሊቱን ደህና ተኝተው ጠዋት ሲነቁ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ አንደበታቸውም ተዘግቶ ነበር። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፣ ኦሮምኛ ለገበያ የሚበቃ አውቃለሁ፣ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩም ፈረንሳይኛ ቢጤ ለምጃለሁ፤ ጌይ ሲናንን፣ ማለትም የሐረሪዎችን ቋንቋ ግን አልሰማም ነበር። አዛውንቱ ደንበኞቻቸውን በጥሩ አማርኛ ሲያነጋግሩ እንደኖሩ ወንድ ልጃቸው ስለነገረኝ፣ በአማርኛ መረመርኳቸው። «እጅዎን ያንሡ» አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን ያያሉ፤ ደህናው ግራ እጃቸው እንኳ አልተነሣም። «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አልኳቸው። አሁንም ያያሉ። በካርዳቸው ላይ «የሚነገራቸውን አይረዱም» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን አሥር ዓመት ገደማ የሆናት የልጅ ልጃቸው ሆጃ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ከአልጋው ጠርዝ ቁጭ ብላ በጌይ ሲናን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። አዛውንቱ ግራ እጃቸውን ከትራሱ ሥር አስገብተው፣ ጥቂት ዳብሰው፣ የሱቃቸውን ቁልፍ አወጡና ሰጧት። ምን እንዳለቻቸው ብጠይቃት «አባቴ ሱቁን ሊከፍት ነው፣ ቁልፉ የት አለ? ነው ያልኳቸው» አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያልገባቸው የእኔ አማርኛ ኖሯል። በካርዱ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤ ሌላ ስጽፍ ነርሷ አጠገቤ ቆማ ታይ ስለነበር ፊቴ እንደጋመ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

በክፍላችን የነበረችው አንዲት የነርቭ መመርመሪያ መዶሻ ጠፍታ ስለነበር፣ ያንኑ ቁልፍ ከልጅቷ ተውሼ የቀኝ ውስጥ እግራቸውን ከተረከዛቸው ጀምሬ ወደ ጣቶቻቸው ጫር አደረግሁት። ጤነኛ አዋቂ ሰው እንዲህ ሲደረግ ጣቶቹን ወደ ታች ያጥፋል፤ የእሳቸው አውራ ጣት ግን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። ይህን ምልክት ጆዜፍ ባቢንስኪ የተባለ ሐኪም ፓሪስ ውስጥ በ1896 (ይህና ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአጭር ጽሑፍ ያሳወቀው ሲሆን፣ ትርጉሙም ከአንጎል ቅርፊት ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚያወርደው መንገድ ተጎድቷል ማለት ነው። መንገዱ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር ሲገባ ስለሚሻገር፣ የቀኙ አካል ሲሰንፍ ጉዳቱን የምንፈልገው በግራው አንጎል ነው፤ ከቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች በአብዛኞቹ ዘንድ የንግግር ቦታም ያለው በዚያው በግራ በኩል ነው። እንግዲህ በአንድ የሱቅ ቁልፍና በአንዲት ሕፃን ጥያቄ ጉዳቱ ያለበትን አካባቢ ለይተናል ማለት ነው።

ጨቅላ ሕፃንንም ውስጥ እግሩን ብትጭሩት አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ በእሱ ግን ጤነኛነት ነው፣ ምክንያቱም ያ ረጅም መንገድ ገና ማይሊን የሚባለውን ቅባታማ ሽፋን ለብሶ አልጨረሰም። ማይሊን የነርቭን ክር ከዳር እስከ ዳር ሳይቆራረጥ አይሸፍነውም፤ ከአንድ ሚሊሜትር በማይበልጥ ወይም ትንሽ በሚያልፍ ርቀት እየተቋረጠ፣ በፈረንሳዊው በራንቪዬ ስም የሚጠሩ ክፍት ቦታዎችን ይተዋል። በእነዚህ ክፍት ቦታዎች የሶዲየም ቅንጣቶች ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይጎርፉና መልእክቱን እንደገና ያቀጣጥሉታል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይዘላል። አባቴ ስለ ጥንቱ የእንፋሎት ባቡር ሲያወሩ፣ ባቡሩ በየመንገዱ ጣቢያ ላይ ውኃ ካልቀዳ በረሃውን አቋርጦ ጅቡቲ እንደማይደርስ ይነግሩኝ ነበር፤ የነርቭ መልእክትም እግር ጣት ድረስ ሳይደክም የሚደርሰው በየጣቢያው አዲስ ጉልበት ስለሚያገኝ ነው። ይህን የቅንጣቶች ጉርፊያ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ስኩዊድ ከተባለ የባሕር እንስሳ በወሰዱት ወፍራም የነርቭ ክር ላይ ለክተው በ1952 በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት። ማይሊን የለበሰው ፈጣኑ ክር መልእክቱን በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ሲያስኬድ፣ ማይሊን የሌለው የሕመም ክር አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል። ድንጋይ ሲያደናቅፋችሁ መጀመሪያ ስል የሆነ ሕመም ተሰምቷችሁ፣ ያ የሚያቃጥለውና የሚጠዘጥዘው ግን ትንሽ ቆይቶ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። በ1861 ፖል ብሮካ «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ሌላ መናገር የማይችል፣ የሚነገረውን ግን የሚረዳ ሌቦርኝ የተባለ ሕመምተኛ አገኘ። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ስለሞተ ብሮካ አንጎሉን መርምሮ በግራ የፊተኛው ክፍል ጉዳት አየ። ከ13 ዓመት በኋላም ካርል ቬርኒከ ተቃራኒውን፣ ማለትም ንግግራቸው እንደ ውኃ እየፈሰሰ ትርጉም የሚያጣና የሰው ቃል የማይገባቸውን ሕመምተኞች ገለጸ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብሮካ የሌቦርኝን አንጎል ሳይቆራርጥ በማስቀመጡ፣ በ2007 ተመራማሪዎች ኤምአርአይ በተባለው፣ በማግኔት ኃይል የውስጥ አካልን በሚያነሣው መሣሪያ ሲያነሡት ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው እጅግ ጠልቆ የገባ ሆኖ ተገኘ። የመደምደሚያው ከፊል ታርሟል፤ ስለ ሰውየው የጻፈው ግን ዛሬም ይነበባል።

ሕመምተኛው ከአንድ ቋንቋ በላይ የሚያውቅ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። ሪቦ የተባለው ፈረንሳዊ አስቀድሞ የሚመለሰው በልጅነት የተያዘው ቋንቋ ነው አለ፤ ፒትር ደግሞ በ1895 አይደለም፣ ሕመሙ በመጣበት ጊዜ ይበልጥ ይሠራበት የነበረው ነው ሲል ጻፈ። በእኛው ልብስ ሰፊ ላይ ሁለቱንም ማስታረቅ ይቻላል፤ ጌይ ሲናን የእናታቸውም የቤታቸውም ቋንቋ ነበርና። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሱቃቸው ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ «ይበልጥ ይሠራበት የነበረው» የትኛው እንደሆነ እንጃ። ከዚህም ሌላ፣ ውኃ መጠየቅ በማይችሉበት በዚያው ሳምንት ፋቲሓን በዓረብኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲቀሩ ሰምቻቸዋለሁ። በቃል የተያዘና በተደጋጋሚ የተነገረ ነገር፣ አስቦ ከሚነገረው በተለየ መንገድ እንደሚተርፍ ሐኪሞች ካወቁት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እኔም አንብቤው ነበር፣ ግን እስካየው ድረስ አልገባኝም።

አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ሕመምተኛው ነቅቶ እያነጋገራቸው አንጎሉን በትንሽ ኤሌክትሪክ ሊነኩት ይችላሉ። ኦጅማንና ዊተከር በ1978 ሁለት ቋንቋ በሚያውቁ ሰዎች ላይ ይህን ሲያደርጉ፣ አንዳንዱ ነጥብ ሁለቱንም ቋንቋ ሲያቋርጥ ሌላው ነጥብ አንዱን ብቻ እንደሚያቋርጥ ተመለከቱ። በ1997 የወጣ የምስል ጥናት ደግሞ ሁለተኛውን ቋንቋ ከልጅነታቸው በያዙ ሰዎች ዘንድ ሁለቱ ቋንቋዎች በብሮካ አካባቢ አንድ ቦታ ሲጋሩ፣ ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ በተማሩት ዘንድ ግን የሚሠራው ቦታ እንደሚለያይ አሳየ። ስለዚህ ጉዳይ የምናነበው አብዛኛው ጥናት የተሠራው በአውሮፓ ቋንቋዎች ላይ ነው። የጁገል ልጅ ግን ቤቱ ጌይ ሲናን፣ በር ላይ ከኦሮሞ ነጋዴዎች ጋር ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ቁርኣን ቤት ዓረብኛ እያለ ያድጋል፤ የድሬው ልጅ ሶማልኛ ይጨምርበታል። ይህን እንደ ተራ ነገር ስለምታዩት ሀብት መሆኑ አይታያችሁም።

ስለ መሣሪያዎቹ ረጅም አልጽፍም፤ መማሪያ መጻሕፍት ይበቃሉ። ብቻ እያንዳንዱ ምን እንደሚለካ ጠይቁ። ተግባራዊ ኤምአርአይ የሚባለው ሐሳብን አያይም፤ የሚያየው ሥራ ወደበዛበት የአንጎል ክፍል የሚሄደውን ኦክስጅን የተሸከመ ደም ነው፤ ደሙም ሰከንዶች ዘግይቶ ይደርሳል፣ የነርቭ መልእክት ግን በሺህኛ ሰከንድ ያልቃል። ሐንስ በርገር በ1929 ያሳወቀው፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካው ኢኢጂ በአንጻሩ ጊዜውን በትክክል ሲነግር ቦታውን ያደበዝዛል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከጉልበታችን 20 በመቶ የሚጠጋውን የሚበላ፣ ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት የያዘ አካል ነው። «ሰው የሚጠቀመው በአንጎሉ አሥር በመቶ ብቻ ነው» የሚሉትን አትስሟቸው፤ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ጉዳት፣ ቦታው ከከፋ፣ ግማሽ አካልን ያሰንፋል።

ያለ መሣሪያ ምን ሊሠራ እንደሚችል ማየት ለምትፈልጉ የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን ሥራ አንብቡ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ወደ 60,000 በሚጠጋ ሕዝብ መካከል ከቤት ወደ ቤት እየጠየቁ፣ የሚጥል በሽታና ሌሎች የነርቭ ሕመሞች ምን ያህል እንደሚገኙ በ1990 አሳተሙ። ጓያ አብዝተው የሚበሉ ገበሬዎችን እግር ስለሚያሽመደምደው ሕመምም ብዙ ደክመዋል። የሚጥል በሽታን ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ ዛሬም ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ የሚያሸት አይጠፋም። ክብሪቱ ምንም አይጠቅምም። ወደ ጎን አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ከዚያም ሰዓታችሁን አይታችሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከየትኛው እጅ እንደጀመረ ልብ በሉ፤ ሐኪሙ ከማንኛውም ምስል በፊት የሚፈልገው ይህን ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈው በፍጥነት ሐኪም ቤት አድርሱት። («ልብ በሉ» ስንል ማስተዋልን ለልብ መስጠታችን ነው፤ አሪስጣጣሊስም እንደኛው ነበር የሚያስበው።)

ደብተር ያዙ፤ ያያችሁትን በዕለቱ ጻፉ፣ የመሰላችሁን ደግሞ ከሌላው ገጽ ላይ ለዩት። ሒሳብና ፊዚክስ ከበዳችሁ ብላችሁ አትሽሹ፣ ያለ እነሱ ሆጅኪንና ሃክስሊን አታነቧቸውም። የጎረቤታችሁን ቋንቋ ተማሩ። ስለ ጫትም የአካባቢያችን ሰው ሆኜ ዝም ማለት አልችልም፤ በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል፣ ስለዚህ ምርቃናው ሁሉ ነገር የገባችሁ ያስመስላል። የተማራችሁት የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ ጫቱ ያንኑ እንቅልፍ ይወስድባችኋል። በበርጫ ላይ የጻፋችሁትን ማስታወሻ ማግስቱን በጠዋት አንብቡትና ራሳችሁ ፍረዱ፤ እኔ በተማሪነቴ አንብቤው አፍሬያለሁ።

ልብስ ሰፊው ከስምንት ወር በኋላ ከዘራ ይዘው ለክትትል መጡ፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነበር። ኮት ሊሰፉልኝ እንደሚፈልጉ በምልክት ነገሩኝና በግራ እጃቸው ይዘው ትከሻዬን፣ ደረቴን፣ የእጄን ርዝመት ለኩኝ። እያንዳንዱን ልክ በአማርኛ ጠሩት፤ «አርባ አራት… ዘጠና ስምንት… ስልሳ አንድ»፤ አንድም አልተሳሳቱም። ከዚያ የልብሱን ስም በአማርኛ ሊነግሩኝ ፈልገው ቆሙ። በጌይ ሲናን ጠሩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በኦሮምኛ ሞከሩ፣ ሳቁና ጋውኔን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ቁጥሩ መጥቶ ስሙ ለምን እንደቀረ በደብተሬ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ተውኩት። ኮቱን ልጃቸው በሦስተኛው ሳምንት አመጣልኝ። የሕመምተኞች ስም ያልተጻፈበት ያ ደብተር እስከዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ከዚራ ብቅ ስትሉ አውጥቼ አሳያችኋለሁ።