የሆሮን ዶሮ ዘር አግኝቶ ማቆየት፦ አንድ አውራ ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ «ከፍቼ አካባቢ ነኝ። 30 ዶሮ የሚይዝ ቤት ሠርቻለሁ። ሳሶም ቦቫንስም የሚባሉትን የውጭ ዝርያዎች አርብቼ አይቻለሁ፤ አሁን የምፈልገው ራሷ ታቅፋ ራሷ የምታሳድገውን የሆሮ ዶሮ ንጹሕ ዘር ነው። ከየት አገኛለሁ? አንድ ጥሩ አውራ ገዝቼ ግቢዬ ካሉት 8 የአበሻ ዶሮዎች ጋር ብለቀው አይበቃም? ዘሩ እንዳይጠፋብኝስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አንድ አውራ አይበቃም። የሆሮ አውራ ከግቢዎ ዶሮዎች ጋር ሲለቀቅ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ሆሮ ናቸው። ሴቶቹ አድገው ያው አውራ፣ ማለትም አባታቸው፣ መልሶ ሲረግጣቸው የሆሮው ደም ይጨምራል፤ ግን አብሮ የሥጋ ዝምድና ይገባል። ውጤቱ የሚታየው ቶሎ ነው፦ ከታቀፉት እንቁላሎች ብዙዎቹ ሳይፈለፈሉ ይቀራሉ፣ የሚወጡት ጫጩቶች ደካማ ይሆናሉ፣ ቄቦቹ እንቁላል ለመጀመር ይዘገያሉ። ሰው ይህንን «ዘሩ ለአገሩ አልተስማማም» ይለዋል። በአብዛኛው ግን ጥፋቱ የአውራ ማነስ ነው።

በመጀመሪያ የትኛውን ሆሮ እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ሆሮ የሚባለው ዶሮ መነሻው ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ የሻምቡ አካባቢ ደጋ ነው። ዛሬ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ የገበሬው ዶሮ ነው፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ይጥላል፣ በየዙሩ ይታቀፋል፣ ላባው ቀይም ገብስማም ወሰራም ሊሆን ይችላል። ሌላው ከዚያው አካባቢ በተሰበሰበ ዘር ላይ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምርጫ የተሻሻለው ነው። ከውጭ ዝርያ ጋር አልተዳቀለም። በየትውልዱ ብዙ እንቁላል የጣሉት፣ በ16 ሳምንታቸው ክብደት ያላቸውና በሕይወት የቆዩት ብቻ እየተመረጡ፣ እስከ 45ኛ ሳምንት የሚጣለው እንቁላል ከመነሻው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እንቁላልም ዘርም ከፈለጉ የተሻሻለውን ይያዙ። ሐሳብዎ ጥንታዊውን ከነልዩነቱ ማቆየት ከሆነ የገበሬውን ይያዙ። ሁለቱን በአንድ ቤት አይቀላቅሉ፤ የአንዱን ምርትም የሌላውን ብዝኃነትም ያጣሉ።

በላባ ቀለም ብቻ «ይህ ሆሮ ነው» የሚል ሻጭ አይመኑ፤ ለሆሮ የሚሆን አንድ መለያ ቀለም የለም። የሚያጠራጥሩ ምልክቶች ግን አሉ። የገበሬ ቤት ዶሮ ሆና እንቁላሏ 60 ግራም የሚደርስ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳትታቀፍ የምትከርም ዶሮ የሳሶ ወይም የቦቫንስ ደም እንደገባባት ይገምቱ። የአገር ዶሮ እንቁላል ከ40 ግራም ብዙም አይርቅም።

ከደብረ ዘይት ማዕከል (ቢሾፍቱ) መውሰድ ከፈለጉ ጥያቄዎን በወረዳዎ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት በኩል በጽሑፍ ከወራት በፊት ያቅርቡ። ማዕከሉ የምርምር ቦታ ስለሆነ ጫጩት ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ አይጠብቅዎትም። ሲጠይቁ «አባቶቻቸው ከስንት ቤተሰብ ናቸው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከተለያዩ ቤተሰቦች የተፈለፈሉ እንዲሰጡዎትም ያሳስቡ። የማሬክ (ዶሮን ሽባ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ) ክትባት በተፈለፈሉበት ቀን መሰጠቱን ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ይህ ክትባት ቀኑ ካለፈ ብዙ አይጠቅምም። ከቢሾፍቱ እንቁላል ሳይሆን ጫጩት እንዲወስዱ እመክራለሁ። ፍቼ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ቢሾፍቱ በጣም ዝቅ ትላለች። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ እንቁላል ከፍታ ላይ ሲታቀፍ አየሩ ስለሚሳሳና እርጥበቱ ቶሎ ስለሚተን መፈልፈሉ ይቀንሳል።

ለገበሬው ሆሮ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሻምቡ ዙሪያ ዶሮ ሳይሆን እንቁላል ያምጡ። ከፍታው ከእርስዎ ብዙም አይርቅም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሕይወት ያለ ዶሮ ገዝቶ ማምጣት ፈንግልን (ዶሮ የሚፈጀውን ተላላፊ በሽታ) ተሸክሞ መምጣት ነው። የመንገዱን ሰላም አጣርተው በጌዶና በፊንጫ በኩል ይሄዳሉ። ገበያ ላይ የተከመረውን አይግዙ፤ ከነጋዴው እጅ ሳለ ፀሐይ መትቶት ይሆናል፣ ከማን ቤት እንደመጣም አይታወቅም። ከአንድ ቤት ከ4 እንቁላል በላይ ሳይወስዱ ከ30 ቤት፣ ከተራራቁ ቀበሌዎች ይሰብስቡ። ባለቤቷን «አውራው የማን ነው? ከመንግሥት የመጣ አውራ በአካባቢው አለ?» ብለው ይጠይቁ። ሳሶ ወይም ኮኮክ የተባለው ሌላ የውጭ ዝርያ አውራ የሚዞርበትን መንደር ይለፉት። እንቁላሉ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው፣ ቅርጹ ያልተጣመመ፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ ቢቆሽሽም አይታጠብ። በጭድ በተሞላ ካርቶን ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገው ያጓጉዙ፤ ቤት ሲደርስ ከመታቀፉ በፊት አንድ ሌሊት ይረፍ።

ስንት እንቁላል እንደሚያስፈልግ ከኋላ ወደ ፊት ያስሉት። 24 ቄብ ከፈለጉ 48 ያደጉ ዶሮዎች ያስፈልጋሉ፣ ግማሹ ወንድ ነውና። ከ5 ጫጩት አንዱ ይሞታል ብለው ያስቡ፤ ስለዚህ 60 ጫጩት መፈልፈል አለበት። መንገድ ከተጓዘ እንቁላል ግማሹ ቢፈለፈል ጥሩ ነው። ስለዚህ 120 እንቁላል። ግቢዎ ያሉት 8 የአበሻ ዶሮዎች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉም አይታቀፉም፤ የጎረቤት ታቃፊዎችን ጨምረው ለእያንዳንዷ 12 ያድርጉላት። ከመታቀፏ በፊት ቅማልና ቅንቅን እንዳይኖርባት ላባዋን ገልጠው ይዩ፤ ተባይ የሚበላት ዶሮ ጎጆዋን ጥላ ትነሣለች። በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት ያዙሩ፤ የደም ሥር ያልታየበትን ያውጡ። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል።

ለፍቼ ብርድ የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ወሳኝ ናቸው። ታቃፊዎቹ ራሳቸው ቢያሳድጓቸው ዘዴው ቀላል ነው፤ ግን የጎረቤት ዶሮ በላባዋ ብናኝ ማሬክን ልታስተላልፍ ስለምትችል፣ ያልተከተቡ ጫጩቶችን ከትልልቆች ለይቶ ማሳደጉን እመርጣለሁ። 60 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን ዙሪያውን 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው ድርቆሽ ከከበቡት ሌሊት 50 ጫጩት በራሳቸው ሙቀት ይሞቃሉ፤ ከላይ አየር የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሙቅ ውኃ የያዘ ጄሪካን በጆንያ ጠቅልለው መሐል ያስቀምጡ። ሙቀቱን ከጫጩቶቹ ያንብቡት፦ አንዱ በሌላው ላይ ከተቆለሉ በርዷቸዋል፣ ከሙቀቱ ሸሽተው ዳር ይዘው ካለከለኩ በዝቶባቸዋል። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ ጫጩት ብቻም አይገድልም። ጉዝጓዙ 5 ሳንቲሜትር የጤፍ ጭድ ይሁን፤ ሲረጥብ ይቀየር። በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት መካከል ላባቸውን አንጨፍርረው ደም የቀላቀለ ኩስ ከጣሉ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታ ነው፤ በዚያው ቀን አምፕሮሊየም የተባለውን መድኃኒት በመጠጥ ውኃ ይጀምሩ፣ መጠኑን ከማሸጊያው ያንብቡ።

ክትባት ለፈንግል ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ ዋን የተባለው የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ላሶታ የተባለው፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ድጋሚ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ ይደገማል። የክረምቱ መግቢያ ሳይደርስ መከተባቸውን ያረጋግጡ። የጉምቦሮ (የጫጩቶችን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም በሽታ) ክትባት በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት፣ የፈንጣጣ ደግሞ ከ8ኛው ሳምንት በኋላ በክንፍ ይሰጣል። ክትባቱ በቢሾፍቱው ብሔራዊ ተቋም የሚመረት ሲሆን በወረዳው እንስሳት ክሊኒክ በኩል ያገኙታል። አንድ ብልቃጥ ብዙ ዶሮ ስለሚከትብ ከጎረቤት ጋር ቀን ቆርጣችሁ በአንድ ቀን ክተቡ። ላሶታን በውኃ ሲሰጡ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድላል፤ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውኃ ይጠቀሙ፣ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት ይጨምሩ። ለ2 ሰዓት አስጠምተው ይስጡ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ።

መኖ ላይ ብዙ አልቆይም። እስከ 8 ሳምንት የጫጩት መኖ ገዝተው ይስጡ፤ እዚህ መቆጠብ ዋጋ ያስከፍላል። ለሚጥሉት ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል፦ ለ100 ኪሎ በቆሎ 50፣ ፉርሽካ 16፣ የኑግ ፋጉሎ 15፣ የተቆላ አኩሪ አተር 10፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 8፣ ጨው ግማሽ ኪሎ፣ የቪታሚንና ማዕድን ቅልቅል ግማሽ ኪሎ። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ ከገባ ዶሮዋ ፕሮቲኑን መፍጨት አትችልም። የሻገተ በቆሎ ለዶሮ አይሰጥም፣ ለቅሞም አይድንም። ለአንድ ዶሮ በቀን 90 ግራም አካባቢ ይበቃል፤ ቀኑን የምትጭር ከሆነች ከዚያም ያነሰ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አውራዎቹ ልመለስ። ቤትዎ 30 ዶሮ ይይዛል ብለዋል። 1 አውራና 29 ሴት ካስገቡ በአንድ ትውልድ ብቻ ዝምድናው 13 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 3 አውራና 27 ሴት ከሆነ ወደ 4.6 በመቶ ይወርዳል። 6 አውራና 24 ሴት ከሆነ 2.6 በመቶ ገደማ ነው። ቤቱም የዶሮው ብዛትም ያው ነው፤ የተለወጠው የአውራው ቁጥር ብቻ ነው። «አውራ እንቁላል አይጥል፣ መኖ ይፈጃል» ማለት ለእንቁላል አምራች ትክክል ነው፤ ዘር ለሚያቆይ ግን 5 ተጨማሪ አውራ የሚበሉት መኖ የዘሩ ዋጋ ነው።

ቤቱን በሽቦ ወደ 3 ይክፈሉት፤ በእያንዳንዱ 8 ሴትና 2 አውራ ይመደብ። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ዶሮ አይበልጥ፣ በቆጡ ላይ ለእያንዳንዱ 20 ሳንቲሜትር ይኑር፣ ለ4 ዶሮ አንድ መጣያ ሳጥን ይበቃል። ግድግዳው ከነፋሱ በኩል እስከ ወገብ በጭቃ ይመረግ፣ ከዚያ በላይ ሽለምጥማጥ የማያሾልክ ጠባብ ሽቦ ይሁን። ሁለት አውራ በጠባብ ቦታ ይጣላሉ፣ ሴቶቹንም ጀርባቸውን ይልጧቸዋል፤ ስለዚህ አንዱ በሥራ ላይ ሲሆን ሌላው ለብቻው በተሠራ የአውራዎች ክፍል ይቆይ፣ በየ2 ሳምንቱ ይቀያየሩ።

ጫጩቶቹ ሲያድጉ ሕጉ አንድ ነው፦ ሴት ልጅ በተወለደችበት ክፍል ትቀራለች፣ ወንድ ልጅ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሄዳል። የ1ኛው ወንዶች ወደ 2ኛው፣ የ2ኛው ወደ 3ኛው፣ የ3ኛው ወደ 1ኛው። በየትውልዱ በዚሁ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ፤ አንድ ጊዜ ከተገለበጠ የቅርብ ዘመዶች ተገናኙ ማለት ነው። ይህ እንዲሠራ እያንዳንዱ ጫጩት በተፈለፈለበት ቀን መለያ ያስፈልገዋል። በጣቶቹ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ በትንሽ መብሻ መብሳት ዕድሜ ልክ ይቆያል። ክር እግሩ ላይ ካሰሩ በየ2 ሳምንቱ ማላላት አለብዎት፤ ካልሆነ ሥጋው ውስጥ ይገባል።

ግቢዎ ውስጥ ሌላ አውራ ካለ መጀመሪያ ያስወግዱት። ዶሮ አንዴ ከተረገጠች በኋላ ዘሩን በሆዷ እስከ 3 ሳምንት ታቆያለች፤ ስለዚህ አውራው ከሄደ ወይም አውራ ከቀየሩ 3 ሳምንት ያለውን እንቁላል ይብሉት ወይም ይሽጡት፣ ለዘር አያስቀምጡ። ለዘር ሲሰበስቡም ከእያንዳንዷ እኩል ያህል ይውሰዱ። ብዙ ከምትጥለው ብቻ ከወሰዱ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሁሉም የአንዲት ዶሮ ልጅ ይሆናል።

መታቀፍ ያበዛችውን ማስጣል ከፈለጉ ላባ በአፍንጫዋ መሰካት፣ እግሯን አስሮ መስቀል፣ ውኃ ውስጥ መንከር የሚባሉትን ይተዉ፤ ያቆስላሉ፣ ያከሳሉ። ታቹ ሽቦ በሆነ አየር የሚገባው ሳጥን ውስጥ ከምግብና ውኃ ጋር ለ4 ወይም ለ5 ቀን ያስቀምጧት፤ ሆዷ ሲቀዘቅዝ ትተዋለች። ሁሉንም ግን አያስጥሉ። መታቀፍ የማትፈልገውን ብቻ ለዘር ከመረጡ የፈለጓትን «ራሷ ታቅፋ የምታሳድግ» ዶሮ በእጅዎ ያጠፏታል።

ብዙ ሰው ዘሩን የሚያጣው ግን በበሽታ አይደለም፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ነው። የበዓል ገበያ ትልቁን፣ ቀዩን፣ ድምቅ ያለውን አውራ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ጥሩ ስለሆነ ምርጡ ይሸጣል፣ ቤት የሚቀረው ደካማው ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ጫጩት ሁሉ አባቱ እሱ ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ሲደገም ዶሮው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ወንዶቹን በ16ኛ ሳምንታቸው ይመዝኗቸው። ከእያንዳንዱ ክፍል ከተለያዩ እናቶች ምርጥ 3 ይለዩ፣ 2ቱ ለሥራ አንዱ ለመጠባበቂያ፤ ምልክት አድርገውባቸው ለገበያ ከሚወጡት ይለዩዋቸው። የቀሩትን ወንዶች በሙሉ ለበዓል ይሽጡ። እነሱ የ9ኙን መኖ ይችላሉ።

ከ4 ወይም ከ5 ትውልድ በኋላ አዲስ ደም ያስፈልግዎታል። ያን ጊዜም አውራ አያምጡ፤ ሆሮን ለብቻው ከያዘ ሌላ አርቢ ወይም ከመነሻው መንደር 30 ያህል እንቁላል አምጥተው በራስዎ ዶሮዎች ያስታቅፉ፣ ጫጩቶቹን ለይተው አሳድገው ከተከተቡና 16 ሳምንት ከሞላቸው በኋላ ወንዶቹን ብቻ ለ3ቱ ክፍል ያከፋፍሉ።