ብርሌ እንዴት ይነቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በታክሲ ስሄድ ከሾፌሩ ጀርባ የተለጠፈ ጥቅስ አነበብኩ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ፤ ሰው ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላል። በጣም ስለወደድኩት ፎቶ አንስቼ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየኋቸው። አንዷ «ተረቱ ራሱ ስህተት ነው። ብርሌ እንቅልፍ የለው፣ እንዴት ይነቃል? ትክክለኛው ‹ብርሌ ከተሰበረ› ነው» አለች። ሌላው ደግሞ «የአባቶችን ተረት እንዲህ ማበላሸት ነውር ነው» ብሎ ተቆጣ። ማናቸው ናቸው ልክ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠያቂዬ። ደብዳቤዎን ሳነብ ደስ አለኝ። አንዲት አጭር ቃል ሦስት ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ስታከራክር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ብርሌ ይነቃል። አማርኛ ውስጥ ሁለት «ነቃ» አለ። አንዱ ከእንቅልፍ መነሣት ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላው «ተሰነጠቀ» ማለት ነው። ዕቃው ሳይበታተን፣ ቅርጹን እንደያዘ፣ ቀጭን መስመር ሲያወጣ ነቃ ይባላል።

ይህን ሁለተኛውን ቃል ባልደረባዎም ታውቀዋለች፤ ማወቋን ልብ አላለችውም እንጂ። በበጋ ተረከዝ ሲሰነጣጠቅ ምን እንላለን? ንቃቃት። ዋልካ አፈር የጥርና የየካቲት ፀሐይ ሲያገኘው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል፤ እሱም ንቃቃት ነው። ምጣድም ይነቃል፣ እንስራም ይነቃል። ስሙ ከተማ ውስጥ አለ፤ ግሡ ግን ከሸክላው ዕቃ ጋር ከብዙ ቤት ወጣ። ፕላስቲክና ብረት በሞላበት ወጥ ቤት ያደገ ልጅ «ምጣዱ ነቃ» የሚል ሰው ከየት ይሰማል? ስለዚህ ተረቱን ሲሰማ በእጁ ያለውን አንዱን «ነቃ» ያመጣል። ያ ደግሞ አልገጥም ይለዋል።

ሁለቱ ቃላት ዛሬ እንዲህ መልካቸው ይመሳሰል እንጂ ሥረ ቃላቸው የተለያየ ነው። በግእዝ ከእንቅልፍ ተነሣ የሚለው «ነቅሀ» ነው። ተሰነጠቀ የሚለው «ነቅዐ» ነው። መጨረሻቸውን ይዩት፤ አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ዐ» ይዘጋል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን እየተወ ሲመጣ ሁለቱም ጭራቸውን ጣሉና «ነቃ» ላይ ተገናኙ። ትግርኛ ግን ዛሬም ይለያቸዋል፤ «ንቕሓት» ንቃት ነው፣ «ንቕዓት» ስንጥቅ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ደግሞ «አንቅዕተ ማያት» የሚለውን ያውቀዋል፤ የውሃ ምንጮች ማለት ነው። ምንጭ ከዚሁ ከ«ነቅዐ» ሥር መውጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። መሬት ትነቃለች፣ ውሃ ይወጣል።

ስለ ፊደል ስንከራከር «ሠዓሊ»ን እና «ሰአሊ»ን እንጠቅሳለን። አንዱ ሥዕል ይሥላል፣ አንዷ ትለምናለች፤ ፊደሉ ይለያቸዋል። «ነቃ» ላይ ግን ፊደልም አያድነንም። «ቃ» ሁለቱንም ውጣ ጨርሳለች። የቀረልን መለያ አገባቡ ብቻ ነው። ሰው ሲሆን አንዱ፣ ብርሌ ሲሆን ሌላው።

አሁን ወደ «ብርሌ ከተሰበረ» ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነውና።

ልጅ ሆኜ አክስቴ ቤት ጠጅ ይጣል ነበር። ድግስ ሲደርስ ብርሌዎቹ ከሳጥን ይወጣሉ። አክስቴ እያንዳንዱን ታጥብና አንገቱን በሁለት ጣት ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሣዋለች። ከዚያ ሆዱን በጥፍሯ መታ ታደርገዋለች። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ትንሽ ይቆያል። አንዳንዱ ግን ድምፁ አጭር ነው፣ የታፈነ። እኔ ሳየው ምንም የለበትም። እሷ «ነቅቷል» ትልና ለብቻው አፉን ደፍታ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን «ደህና ነውኮ» ብዬ ተከራከርኳት። ውሃ ሞላችና ነጭ ጨርቅ ላይ አቆመችው። ጥቂት ቆይታ ስታነሣው ጨርቁ ላይ ክብ እርጥበት ቀርቷል።

ተረቱ የሚናገረው ስለዚህ ብርሌ ነው። የተሰበረ ብርሌ ዕቃ እንደማይሆን ለመናገር ተረት አያስፈልግም። ስባሪውን ጠርጎ መጣል ነው፤ የሚከራከርበትም የለም። የነቃው ግን ከደህናዎቹ ጋር ተሰልፎ ይቆማል። አንገቱ አለ፣ ሆዱ አለ፣ ያብረቀርቃል። ጠጅ ሲገባበት ነው ጉዱ የሚወጣው። ሁለት ጓደኛሞች ተጣልተው ከታረቁ በኋላ አብረው ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ ሰርግ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛው ግን ምስጢር ሲኖረው ለሌላ ሰው ይነግራል። ከውጭ ያየ ሰው ምንም አይጠረጥርም። ይህን «ተሰበረ» አይገልጸውም፤ «ነቃ» ብቻ ነው የሚገልጸው። ባልደረባዎ ቃሉን ስትቀይር ተረቱን ያረመች መስሏት ሐሳቡን አወጣችበት።

ዜማውም ይጠፋል። ተረትና ምሳሌ በቃል የሚኖረው ቤት ስለሚመታ ነው። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን አንዴ የሰማ አይረሳውም። እዚህም «ነቃ»ና «ዕቃ» ናቸው ቤት የሚመቱት። ቀለሙንም ይቁጠሩት፦ ብር፣ ሌ፣ ከ፣ ነቅ፣ ቃ። አምስት። አይ፣ ሆ፣ ንም፣ ዕ፣ ቃ። አምስት። በግጥም ትምህርት ሰንጎ መገን የምንለው ምጣኔ ይኸው አምስት በአምስት ነው። «ብርሌ ከተሰበረ» ሰባት ቀለም ነው፤ ቤትም አይመታም። አፍ ላይ ይንገዳገዳል።

አሁን ደግሞ የታክሲው ጥቅስ። የተቆጡት ባልደረባዎ ለተረቱ ያላቸውን ክብር እረዳዋለሁ። ግን እዚህ የተበላሸ ነገር አላየሁም። ያየሁት ጥሩ ሥራ ነው።

ቀስ ብለው ያንብቡት። «ብርሌ ከነቃ» ሲል «ነቃ» ስንጥቅ ነው። «ሰው ከነቃ» ሲል ያው ቃል ተመልሶ ይመጣና ከእንቅልፍ መነሣት፣ ዓይን መግለጥ ይሆናል። «ዕቃ»ም አብሮ ይዞራል። መጀመሪያ ላይ የሚያገለግል፣ ጠጅ የሚያዝበት ነገር ነው። ቀጥሎ ሌላው እንደፈለገ የሚያነሣውና የሚያስቀምጠው መገልገያ ይሆናል። «አይሆንም ዕቃ» ብርሌው ላይ ኪሳራ ነው። ሰውየው ላይ ነፃነት ነው። አንድም ፊደል ሳይቀየር ትርጉሙ ተገለበጠ። የቅኔ መምህራን አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ሲሸከም ኅብር ይሉታል። ይህንን የጻፈው ሰው ቅኔ ቤት ይግባ አይግባ አላውቅም፤ ሁለቱን «ነቃ»ዎች ግን ያውቃቸዋል። ብርሌው የሚነቃው እንዴት እንደሆነ ያልገባው ሰው ይህን መጻፍ አይችልም።

ወጣቶቹም ይህን ቃል ሲያሠሩት ኖረዋል። «ነቄ» የሚለውን ይውሰዱ። ነገር ቶሎ የሚገባው፣ የማይሸወድ ሰው ነቄ ነው። «ነቄ በል» ይባላል። ድብቅ ሐሳብ ሲጋለጥ «ተነቅቶብሃል» ይባላል። ይህን የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልንቀውም። ከ«ነቅሀ» የተነሣ ቃል «ነቄ» ሆኖ ሰፈር ውስጥ ሲሮጥ ማየት ጤንነት ነው። እዚያው ታክሲ ውስጥ ሁለቱ ሥሮች ተገናኙ፤ የአያቶች ብርሌና የልጆች ነቄ።

ተረት ከጥንትም ሲነካካ የኖረ ነው። አንዱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፣ ሌላው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል። የትኛው ነው የመጀመሪያው ብሎ መማል አይቻልም። ተናጋሪው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው እያየ ያዞረዋል። ማበላሸት የምለው ቃሉ ስላልገባን ብቻ አውጥተን የሚገባንን ስንተካ ነው። የማናውቀው ቃል ተረት ውስጥ ሲገጥመን መጀመሪያ አንድ ትልቅ ሰው እንጠይቅ። እናት፣ አክስት፣ ጠጅ ጣይ፣ ሸክላ ሠሪ። መዝገበ ቃላትም ይገለጥ። እርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጥቅሱ ላይ አንዲት ነገር ብጨምር ደስ ይለኛል። «ሰው ከነቃ» ሲቆጠር አራት ቀለም ነው፤ ከብርሌው መስመር በአንድ ያንሳል። «ሰውም ከነቃ» ቢባል አምስት ይሞላል። «ም» ደግሞ «እንደ ብርሌው ሁሉ» የሚለውን ታስገባለች፤ አንባቢው ያው ነገር መጣ ብሎ ሲጠብቅ ሌላው «ነቃ» ድንገት ይቀበለዋል። ያን ታክሲ ዳግም ካገኙት ለሾፌሩ ይንገሩልኝ፤ ከምስጋናዬ ጋር።

ባልደረባዎን ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ጠጅ ቤት ይውሰዷት። ከማዘዛችሁ በፊት ባዶ ብርሌ ትጠይቅና አንገቱን በሁለት ጣት ይዛ ሆዱን በጥፍሯ መታ ታድርገው። ሁለት ሦስቱን ትሞክር። የነቃ ካለ በድምፁ ታውቀዋለች።