ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚስማማ ጸረ ቫይረስ

ድሬዳዋ ከዚራ ባለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤትዎ ለሚጠቀሙበት፣ 2 ጊጋባይት ራምና ዊንዶውስ 10 ላለው ኮምፒውተር የትኛው ጸረ ቫይረስ እንደሚቀልለው ጠይቀዋል። ሌላ ከመጫንዎ በፊት ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የመጣውን ዲፌንደር እንዲጠቀሙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሁለት ጸረ ቫይረሶች አንድ ላይ ሲሠሩ አንዱን ፋይል ሁለቱም እየፈተሹ ማሽኑን ይበልጥ ያዘገዩታልና። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢያበቃም፣ የዲፌንደር የቫይረስ መለያ ዝማኔ አልተቋረጠም።

ሙሉ ፍተሻውን ደንበኛ በሚቀንስበት በቀትር ሙቀት ሰዓት ያድርጉት። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ደንበኞች ይዘው የሚመጡት ፍላሽ ነው፤ ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት (ፋይሉን የሚመስል አቋራጭ ምልክት) የሚያስቀምጠው ቫይረስ የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ማንኛውንም ፍላሽ ከመክፈትዎ በፊት ምልክቱን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ለብቻው ያስፈትሹት። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የተሰበረ (ክራክ የተደረገ፣ የፈቃድ ቁልፉ በሕገወጥ መንገድ የታለፈ) ጸረ ቫይረስ፣ ነጻ ነው ቢባልም፣ ፈጽሞ አይጫኑ።