«እነሱ እንዲህ ያስባሉ» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ስለ ስደት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስትከራከሩ «የዚያ አገር ሕዝብ እኮ ይህን ያህል በመቶው እንዲህ ያስባል» የሚል ቁጥር ትመዛላችሁ። ቁጥር መጥቀሳችሁ ደግ ነው። ነገር ግን የሰው አስተያየት እንደ ቁመት በሜትር አይለካም። የሚለካው በጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም አብሮ ይለወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉት ጥያቄው ቃል በቃል እንዴት እንደቀረበ ነው። እሱን ካላገኛችሁ ቁጥሩን ለክርክር ባታወጡት ይሻላል። በ1941 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ፣ ዴሞክራሲን የሚቃወም የአደባባይ ንግግር «ይከልከል ወይ?» ተብለው ከተጠየቁት 54 በመቶው ይከልከል አሉ። «ይፈቀድ ወይ?» ከተባሉት ግን 75 በመቶው አይፈቀድ አሉ። ነገሩ አንድ ነው፤ «መከልከል» የሚለው ቃል ግን ስለሚከብድ ብዙ ሰው ከአፉ ማውጣት ይፈራል። ቅደም ተከተልም ያው ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን የኮሚኒስት ጋዜጠኞች አገራቸው ገብተው እንደልባቸው ይዘግቡ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ እሺ ያሉት 37 በመቶ ገደማ ነበሩ። አስቀድሞ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ሩሲያ ገብተው ይዘግቡ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ግን ለኮሚኒስት ጋዜጠኞቹ የሰጡት እሺታ ወደ 73 በመቶ ወጣ። ለራስ የፈለጉትን ለሌላው መንፈግ ያሳፍራላ!

ጥያቄው ቋንቋ ሲሻገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በብዙ አገሮች «የሌላ ዘር ሰው ጎረቤትዎ ቢሆን ይቃወማሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። በአማርኛ «ዘር» የትውልድ ሐረግም፣ ብሔርም፣ የቆዳ ቀለምም ነው፤ መልስ ሰጪው የትኛውን አስቦ እንደመለሰ በምን ይታወቃል? የተለመደው መፍትሔ አንዱ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተረጉማል፣ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። በዚህ ብቻ አትተማመኑ። ጎበዝ መላሽ ተርጓሚ የመጀመሪያውን ስህተት ሳያውቀው ያርመዋል፤ ደረቅ የቃል በቃል ትርጉም ደግሞ ማንም እንደዚያ ባይናገርም ሲመለስ ፍጹም መስሎ ይታያል። ቢያንስ ለአሥር ተራ ሰዎች አንብቡላቸውና «ምን ተጠየቅሁ ይላሉ?» በሏቸው።

ከሁሉ አስቸጋሪው የመለኪያው ነገር ነው። «በጣም»፣ «በመጠኑ»፣ «ምንም» የሚሉት ቃላት በየባህሉ ክብደታቸው ይለያያል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በመንግሥት ሥራ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳላቸው ቻይናውያንንና ሜክሲኳውያንን ጠየቀ። ቻይናውያኑ ለራሳቸው የሰጡት ደረጃ ከፍ ያለ ሆነ። አጥኚዎቹ ግን ስለ ምናባዊ ሰዎች አጫጭር ታሪኮችንም አቅርበው ነበር፤ ንጹሕ ውኃ ያጣ፣ ለመለወጥ ቢፈልግም መምረጥ የማይችል ሰው፣ ሌላዋ ደግሞ ለተቃዋሚ ዕጩ ድጋፍ የምታሰባስብ። መልስ ሰጪው ለእነዚህ ሰዎች በሰጠው ደረጃ ለራሱ የሰጠው ሲመዘን ውጤቱ ተገለበጠ። አገርን ከአገር የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ስታዩ ይህ ዓይነት ማስተካከያ ተደርጎ እንደሆነ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም።

እንግዳ የማክበር ልማድም መልስ ያጣምማል። «ይስማማሉ?» ሲባል «እሺ» ማለት ጨዋነት በሆነበት ቦታ ሁሉም ነገር ደጋፊ ያለው ይመስላል። ራሳችሁ ስትጠይቁ ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦችን እኩል አስውባችሁ አቅርቡና «የትኛው ለእርስዎ ሐሳብ ይቀርባል?» በሉ። አጠገብ ማን እንደተቀመጠም መዝግቡ፤ ባል ባለበት ሚስት፣ አለቃ ባለበት ሠራተኛ የምትሰጠው መልስ ሌላ ነው።

የናሙናው፣ ማለትም ሕዝቡን ወክለው የሚጠየቁት ሰዎች ነገር ቀለል ይላል። በ1936 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በምርጫው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ይሸነፋል አለ፤ ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መልስ የላኩት ሰዎች መራጩን የማይመስሉ ነበሩ። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች መልስ ከመላው ሕዝብ ሐሳብ ሊርቅ የሚችለው ወደላይም ወደታችም 3 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው፤ 400 ሲሆኑ 5፣ 100 ሲሆኑ 10። ስለዚህ ከ1,000ው ውስጥ 100 ወጣቶች ብቻ ካሉ፣ «ወጣቶች 45፣ ሽማግሌዎች 51 በመቶ» የሚል ዜና ልዩነት አላሳያችሁም።

በመጨረሻ «አላውቅም» የሚለውን ረድፍ ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ፈጽሞ ስለሌለ ሕግ የተጠየቁ ሰዎች ሲሶ ያህሉ አስተያየታቸውን ሰጥተዋል! ረድፉ ከሠንጠረዡ ከጠፋ ወይ አልተጠየቀም፣ ወይ ተቆርጦ ወጥቷል። ከ100 ሰዎች 40ው «አላውቅም» ብለው፣ «60 በመቶ ደገፈ» የተባለው ከቀሩት 60 ሰዎች ተሰልቶ ከሆነ፣ የደገፉት 36 ናቸው።