ቬራፓሚሉን ራስህ አትጨምር

ወንድሜ፣ የክላስተር ራስ ምታትን (በአንድ ዓይን ዙሪያ እየደጋገመ የሚነሳ ኃይለኛ ሕመም) ለመከላከል የሚወሰደውን ቬራፓሚል 80 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ እየወሰድክ አሁንም ክላስተሩ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከእንቅልፍህ እንደሚያስነሳህ ጽፈህ፣ መጠኑን ራሴ ልጨምር ወይ ብለሃል። ተው! በቀን በድምሩ 240 ሚሊግራም መነሻ ነው፣ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ ግን መድኃኒቱ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ሐኪሙ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፣ በየጭማሪውም ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ትነሳለህ።

ሲነሳብህ በፓራሲታሞል ገንዘብ አትጨርስ። የሱማትሪፕታን መርፌ ይሠራል፣ ኪስ ግን ያራቁታል፣ የልብ ሕመም ላለበት ሰውም አይሆንም። እኔን ያዳነኝ ኦክስጅን ነው። በአፍንጫ ቱቦ ሳይሆን ከረጢት ባለው ማስክ፣ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አጎንብሼ 15 ደቂቃ ስስብ ያ ግራ ዓይኔን የሚቦረቡረው ነገር ይለቀኛል። ሐኪምህን እሱን እንዲያዝልህ ጠይቀው። ሲጋራ ካጨስክ የኦክስጅን ሲሊንደሩ አጠገብ እንዳትለኩስ። ቢራውንም ሕመሙ የሚመላለስበት ወቅት እስኪያልፍ እርሳው፣ አንድ ጠርሙስ ይበቃዋል ለመቀስቀስ።