በ47 ቀን 11 ቤት፦ ከደረሰብን ላካፍልዎ

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እርስዎም ባለቤትዎም ጡረታ ወጥታችኋል። ልጆቻችሁን፣ ወንድም እህቶቻችሁንና የድሮ ጓደኞቻችሁን በመኪና እየዞራችሁ ለመጠየቅ 6 ሳምንት መድባችኋል። «እኛም ሳንደክም፣ ሰውም ሳናስቸግር የምንመለሰው እንዴት ብናቅደው ነው?» ነው ያሉት። እኛ ሞክረነዋል። ያኔ ባለቤቴ 69 ዓመቱ ነበር፣ እኔ 66። በ47 ቀን 11 ቤት አረፍን፤ ወደ 6,200 ኪሎ ሜትር ነዳን። ዳግመኛ ብንወጣ ግን ግማሹን እንደዚያ አናደርገውም።

ከመውጣታችን በፊት ስንጨነቅ የከረምነው ስለ መንገዱ ነበር። ሞተሩ፣ ጎማው፣ ካርታው። መንገዱስ ተገፋ። ያደከመን እንግድነቱ ነው። በየሦስት ቀኑ አዲስ አልጋ፣ ጨለማ ውስጥ የምትዳብሱት አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ፣ «ኧረ ምንም አልሆንም» የምትሉበት አዲስ ሳሎን። ፈገግታም እኮ ጉልበት ይጨርሳል።

አንዱን ጠዋት ልንገርዎ። የባለቤቴ የድሮ ባልደረባ ቤት ነበርን፤ ሦስተኛ ቀናችን። እኛ ገና ሳይነጋ ነው የምንነቃው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ሲጥ ይላል። ሰው እንዳንቀሰቅስ ብለን ለባብሰን፣ ጫማችንን አጥልቀን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ አልን። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው እንመስል ነበር። በሹክሹክታ እያወራን አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርገን ስንወጣ፣ ባልና ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ለባብሰው ተቀምጠው በሹክሹክታ ያወራሉ። «እንግዶቹ ይተኙ ብለን ነው» አሉን። አራት ሽማግሌ በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ባለቤቴ የዚያኑ ቀን የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባው። ከዚያ ወዲህ የደረስንበትን ቤት በር ሁሉ ሳይፈትሽ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ የገባን ማታ ቀድመን እንጠይቃለን። ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? እኛ ቀድመን ብንነሳ የት ብንቀመጥ ይሻላል? ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ሁሉንም ያሳርፋል። የምትወጡበትንም ቀን ከመግባታችሁ በፊት ተናገሩ። «ማክሰኞ ገብተን ዓርብ ጠዋት እንወጣለን» ሲባል የቤቱ ባለቤት ልቡ ያርፋል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባል የለ? ለእኛም ሦስት ሌሊት ልክ ሆኖ ነው ያገኘነው። «ኧረ ቆዩ!» ይባላል። እናንተ ውጡ።

በጣም የከበደን ማን ቤት እንደነበር ያውቃሉ? የገዛ ልጃችን ቤት። የልጅ ቤት የራስ ቤት ይመስላል፤ አይደለም። እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ ቁም ሣጥኗን በገዛ ፈቃዴ አስተካከልኩላት። እስከ ዛሬ የሆነ ነገር በጠፋባት ቁጥር ስልክ ትደውልልኛለች።

ከሁሉም በላይ የምመክርዎ ይህን ነው፦ በየሁለት ቤቱ መሃል ቢያንስ አንድ ሌሊት የራሳችሁ ይሁን። ማንም የማያውቃችሁ ቦታ፣ ተራ የመኝታ ክፍል ይበቃል። ልብስ ታጥባላችሁ፤ ዝም ትላላችሁ፤ ከፈለጋችሁ ትነጫነጫላችሁ። እኛ ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን መጀመሪያ ላይ ይህን ዘለልነው። በሦስተኛው ሳምንት መኪና ውስጥ በአንዲት የስልክ ቻርጀር ተጣላን። ቻርጀሯ ሰበብ ናት እንጂ የከረመ ድካም ነበር የፈነዳው።

ከዚያ ፀብ በኋላ አንድ ስምምነት አደረግን። መሪውን ያልያዘ ሰው በአፉ አይነዳም። እኔ ፍሬን የሌለበት ቦታ ላይ እግሬን እየረገጥኩ «ቀስ! ቀስ!» የምል ሰው ነበርኩ። አሁን ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ስለ መንዳቱ በአጭሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በአንድ ቀን 9 ሰዓት ነዳን። ስንደርስ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ አለ። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ስጋቱ ከፍ ይላል። አንድ እግር ብቻውን ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ነገ አይባልም፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። እኛ ከዚያ ወዲህ በቀን ከ5 ሰዓት አላለፍንም። በየ2 ሰዓቱ ቆመን ቢያንስ 15 ደቂቃ እንራመዳለን። ሽንት ቤት ፍለጋን ፈርታችሁ ውሃ እንዳትቀንሱ። የሚያሸና ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ስለማዛወር ሐኪማችሁን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትዝለሉት።

ማታ አትንዱ። 60 ዓመት ያለፈው ሰው ዓይን ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲጨመርበት ለአፍታ ምንም አይታይም። እኛ አንዴ በጨለማ የነዳነው «ለራት እንደርሳለን» ብለን ሰዓት ቆርጠን ስለነበር ነው። የተቆረጠ ሰዓት አደገኛ ነገር ነው፤ ደክሟችሁም ያስነዳችኋል። አሁን «ከሰዓት በኋላ እንመጣለን፣ ካልሆነም በማግስቱ ጠዋት» ብቻ ነው የምንለው።

መድኃኒት ሁለት ቦታ ይከፈል፤ አንዱ ሻንጣ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል። የመድኃኒቱን ዋና ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ የንግድ ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ባለቤቴ ኢንሱሊን ይወጋል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ግን በረዶ መሆን የለበትም። የቆመ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይተውም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ዲግሪ ይጨምራል። በረዶ ያለበት ሳጥን ይዘን ነበር፤ ኢንሱሊኑ በረዶውን እንዳይነካ በፎጣ ጠቅልለን።

አሁን ወደ ስኮርታው፣ ወደ መጠባበቂያው ጎማ። ከመውጣታችን በፊት አራቱንም ጎማ አስፈትሸናል፤ ስኮርታውን ግን ማንም አላየውም። ሰው የሌለበት መንገድ ላይ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ባለቤቴ ስኮርታውን ሲያወጣው አዲስ ይመስላል፣ ጥርሱ አልተነካም። አየር የለውም። ጎኑ ደግሞ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጎማ ሳይነዱበትም ያረጃል ለካ! ጎኑ ላይ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2318 ከሆነ በ2018 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ምንም ቢመስል ይቀየር ይላሉ። የእኛው 14 ዓመቱ ነበር፤ ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣ። አንድ ሹፌር ራርቶልን እስኪቆም 3 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆየን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የሰዎቹን ዝርዝር ስናወጣ በካርታው ቅደም ተከተል ነበር፦ መንገድ ላይ ያለ መጀመሪያ፣ የራቀ በኋላ። ታላቅ ወንድሜ ከመንገዳችን ትንሽ ወጣ ስለሚል የመደብንለት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ስንደርስ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል፤ ከጠዋት ጀምሮ። የራሱን አልጋ ለቆልን ሳሎን ሊተኛ አንጥፏል። ጉልበቱ እምቢ ብሎታል፤ ከእንግዲህ እኛ ዘንድ መምጣት አይችልም። ይህን በስልክ አልነገረኝም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ሻንጣውን መኪና ላይ ጫነ፤ እኔን አየኝ፤ ምንም ሳይል መልሶ አወረደው። አራት ቀን ቆየን። ሦስት ሌሊት የሚለውን ሕግ እኔው ራሴ ሻርኩት። ሁለት ቤት ቀረብን፤ አንዷ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

ስለዚህ ዝርዝሩን ስታወጡ «ማን ይቀርባል» ብላችሁ አትጀምሩ። «ማን ነው ከእንግዲህ ወደኛ መምጣት የማይችል» በሉና እነሱን አስቀድሙ፤ በኋላቸውም ሁለት ሦስት ባዶ ቀን ተዉ። የቀረው በስልክም ይታረቃል። የስኮርታውን ቁጥር ግን ዛሬውኑ ወርደው ይዩት።